ዶንግሉ ሊኑክስ ላይ እምቢ ሲል የት ላይ እንደቆመ ማወቅ

የዩኤስቢ ሞደም፣ ብዙዎቻችን ዶንግል የምንለው፣ ኡቡንቱ ወይም ሚንት ያለበት ላፕቶፕ ላይ ተሰክቶ ኢንተርኔት አልመጣ ሲል ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ድራይቨር ነው። ፍለጋው ግማሽ ቀን ይበላል፤ በመጨረሻ የሚገኘውም ለዊንዶውስ የተሠራ ይሆናል። ድራይቨሩ ግን ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ ከብዙ ዓመት ጀምሮ አለ። የጎደለው ሌላ ነገር ነው፤ ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ መስመሩ የት ላይ እንደተቋረጠ ማየት ይበቃል።

ዶንግሉ ኢንተርኔት እስኪሰጥ ድረስ በቅደም ተከተል የሚሆኑ ነገሮች አሉ። መሳሪያው ራሱን በሞደምነት ያስተዋውቃል፤ ከርነሉ ፖርት (የመገናኛ በር) ይከፍትለታል፤ ሲሙ ከኔትወርኩ ይመዘገባል፤ የዳታ መስመር ይከፈታል፤ ኮምፒዩተሩም በዚያ መስመር መላክ ይጀምራል። ሲሙ ሳይመዘገብ ኤፒኤን (የድርጅቱን የዳታ መግቢያ ስም) መቀያየር፣ መሳሪያው ገና ሞደም ሳይሆን ሲሙን ማውጣትና መመለስ ድካም ብቻ ነው። ስለዚህ ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የትኛው ላይ እንደቆመ እዩ።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን አስቀምጫቸዋለሁ። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ስትተይቧቸው በላቲን ፊደል፣ ሌላ ካልተባለ በትንንሹ ነው፤ የተያያዘው እንደተያያዘ፣ ሰረዙና የታችኛው መስመርም ባሉበት ይሁኑ።

ሲዲ መስሎ የሚገባው ዶንግል

አብዛኛው የሁዋዌና የዜድቲኢ ዶንግል ውስጡ ትንሽ ማከማቻ አለው። የዊንዶውስ ሶፍትዌሩ የተቀመጠው እዚያ ነው፤ ለየብቻ ሲዲ መስጠት እንዳያስፈልግ ተብሎ የተሠራ ዘዴ ነው። በዚህ ምክንያት ዶንግሉ ሲሰካ መጀመሪያ «ሲዲ ማንበቢያ ነኝ» ብሎ ነው የሚገባው። ዊንዶውስ ላይ ያ ሶፍትዌር ከተጫነ በኋላ አንድ መልእክት ይልክለታል፤ መሳሪያው ለአፍታ ይጠፋና ሞደም ሆኖ ይመለሳል። ሊኑክስ ላይ ይህን መልእክት የሚልከው ዮሱዋ ዲትሴ የጻፈው «ዩኤስቢ_ሞድስዊች» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። የየሞዴሉን መልእክት የያዘው ደግሞ «ዩኤስቢ-ሞድስዊች-ዴታ» የሚባለው ጥቅል ነው። ሁለቱም መኖር አለባቸው።

ለማረጋገጥ ዶንግሉን ሰክታችሁ ሃያ ሰከንድ ያህል ጠብቁና «ኤልኤስዩኤስቢ» ብላችሁ ጻፉ። ከሚወጡት መስመሮች በአንዱ ላይ በሁለት ነጥብ የተለዩ ሁለት ባለ አራት አኃዝ ቁጥሮች ታያላችሁ። የመጀመሪያው የአምራቹ ነው፤ 12ዲ1 ሁዋዌ፣ 19ዲ2 ዜድቲኢ። ሁለተኛው መሳሪያው አሁን ያለበትን መልክ ይናገራል። እንደ ኢ173 ያሉ የቆዩ የሁዋዌ የ3ጂ ዶንግሎች ሲዲ ሆነው ሲገቡ ብዙውን ጊዜ 1446 ይላሉ፤ ሞደም ሲሆኑ ወደ 1001፣ 1436፣ 1506 ወይም 140ሲ ይለወጣሉ። ከሰካችሁ ቆይቶም 1446 ላይ ከቆመ ቅየራው አልተደረገም ማለት ነው፤ ሌላውን ሁሉ ተዉትና ይህን አስተካክሉ።

በእጅ ለመቀየር «ሱዶ ዩኤስቢ_ሞድስዊች -ቪ 12ዲ1 -ፒ 1446 -ጄ» ነው። ቪና ፒ ትንንሽ ፊደል ናቸው፤ ጄ ግን ትልቁ ፊደል መሆን አለበት። ይህች ጄ ለሁዋዌ የሚላከውን መልእክት የምትመርጥ ናት። የቆዩ የዜድቲኢ ዶንግሎች፣ በተለይ 19ዲ2:2000 ሆነው የሚገቡት፣ ከዚህም ይቀላሉ፤ ብዙዎቹ ሲዲው «ሲወጣ» ራሳቸው ይለወጣሉ፤ «ሱዶ ኢጀክት /ዴቭ/ኤስአር0» ይበቃል። ላፕቶፑ የራሱ የዲቪዲ ማንበቢያ ካለው ግን ኤስአር0 የእሱ፣ ዶንግሉ ደግሞ ኤስአር1 ሊሆን ይችላል።

በእጅ ሲቀየር ሠርቶ በራሱ ጊዜ የማይቀየር ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የዴታው ጥቅል አልተጫነም ወይም አርጅቷል። እዚህ ላይ እንቆቅልሽ ይመጣል፤ ጥቅሉን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔቱ የሚመጣው ደግሞ በዶንግሉ ነው። ሁለት መውጫ አለ። አንደኛው ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ የኢንተርኔት ማጋራቱን ማብራት ነው፤ ሊኑክስ ያለ ምንም ጭነት እንደ ኬብል ኔትወርክ ያየዋል። ሁለተኛው ተመሳሳይ የኡቡንቱ ስሪት ካለው ሌላ ኮምፒዩተር «አፕት-ጌት ዳውንሎድ» ብሎ ሁለቱን ጥቅሎች በፍላሽ ማምጣትና «ሱዶ ዲፒኬጂ -አይ» ብሎ መጫን ነው። ዲፒኬጂ ሌላ ጥቅል ጎድሎኛል ካለ ስሙን ይነግራችኋል፤ ያንንም በፍላሹ አምጡት። ሙሉው የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ግን ሁለቱንም ይዞ ነው የሚጫነው። የሚጎድሉት የሰርቨሩን ስሪት ወይም በጣም የተቀነሰ ስሪት የጫነ ሰው ላይ ነው።

አንዳንድ የድሮ የሁዋዌ ዶንግሎች «ኤቲ^ዩ2ዲያግ=0» በሚል ትእዛዝ ሲዲውን ለዘለቄታው እንዲተዉ ይደረጋሉ። ይሠራል፤ ሆኖም ዶንግሉ ዊንዶውስ ወዳለበት ኮምፒዩተር ከሄደ የሚጫነው ሶፍትዌር ስለማይታይ ያ ሰው ይቸገራል። ዶንግሉ የቤተሰብ ወይም የቢሮ ከሆነ አትንኩት፤ የአንድ ሰው ላፕቶፕ ላይ ብቻ የሚኖር ከሆነ ግን ጥሩ መፍትሔ ነው።

ከርነሉ ፖርቱን ሲከፍት

ዶንግሉን ከመሰካታችሁ በፊት በሌላ መስኮት «ሱዶ ዲኤምኢኤስጂ -ደብልዩ» ብላችሁ ከፍታችሁ ተዉት። ስትሰኩት የሚሆነውን ሁሉ እየተከታተለ ይጽፋል። ሞደም ከሆነ በኋላ «ኦፕሽን» የተባለው የከርነሉ ድራይቨር ይይዘውና ቲቲዋይዩኤስቢ0፣ ቲቲዋይዩኤስቢ1፣ ቲቲዋይዩኤስቢ2 እያለ ፖርቶችን ይሰጠዋል። ብዙ መሆናቸው አያስገርምም። አንዱ ለዳታ፣ አንዱ ለትእዛዝ፣ አንዱ ለአምራቹ ምርመራ ነው። በቆዩት ሁዋዌዎች ላይ መደወያው፣ ማለትም የዳታ መስመሩ የሚከፈትበት ፖርት፣ አብዛኛውን ጊዜ ቁጥር 0 ነው። የተሳሳተው ፖርት ላይ ከደወላችሁ ወይ ምንም መልስ የለም፣ ወይ ተገናኘ ይልና ዳታ አያልፍም።

ቁጥሩ ተለውጦ ፖርት ካልተሰጠው መሳሪያውን ከርነሉ አላወቀውም። «ሱዶ ሞድፕሮብ ኦፕሽን» ካላችሁ በኋላ የመሳሪያውን ሁለት ቁጥሮች በክፍት ቦታ ለይታችሁ «/ሲስ/ባስ/ዩኤስቢ-ሲሪያል/ድራይቨርስ/ኦፕሽን1/ኒው_አይዲ» ወደሚባለው ፋይል በሩት (በአስተዳዳሪ) ሥልጣን ጻፉ። ከርነሉ ወዲያው ይይዘዋል። ኮምፒዩተሩ ሲነሳ ይረሳዋል፤ ስለዚህ ሞክራችሁ ከሠራ በኋላ በዩዴቭ ሕግ (መሳሪያ ሲሰካ የሚደረገውን በሚወስን ፋይል) አስቀምጡት። ዘመናዊ ከርነል ላይ ይህ እምብዛም አያጋጥምም።

እዚህ እርከን ላይ በጣም የሚያሳስተው የኃይል እጥረት ነው። አንድ የዩኤስቢ 2.0 ቀዳዳ 500 ሚሊ አምፒር እንዲሰጥ ነው የተደነገገው፤ 3.0 ደግሞ 900። ዶንግሉ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ትንሽ ነው የሚወስደው። ኔትወርኩ ሲርቅ ግን ማሰራጫው ጉልበቱን ከፍ ያደርጋል፣ በተለይ 2ጂ ላይ ሲወድቅ በአጫጭር ፍንዳታ ብዙ ኃይል ይስባል። የራሱ ኃይል በሌለው ሃብ (የዩኤስቢ ማባዣ) ላይ ወይም በቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ገመድ ላይ ከሆነ ቮልቴጁ ይወርድና መሳሪያው ይጠፋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ዶንግሉ ይታያል፣ ሲሙን ያነባል፣ ልክ ሲደወል ግን ይጠፋና ከሃያ ሰከንድ በኋላ እንደ አዲስ ይመለሳል። ዲኤምኢኤስጂ ላይ «ስህተት -71» ወይም «ስህተት -110» ታያላችሁ። የመጀመሪያው ንግግሩ ተበላሸ፣ ሁለተኛው መልስ ዘገየ ማለት ነው። ይህን ያየ ሰው ሶፍትዌሩን ይወቅሳል፤ መፍትሔው ግን ላፕቶፑ ላይ በቀጥታ መሰካት ወይም የራሱ ቻርጀር ያለው ሃብ መግዛት ነው። ሲግናል ፍለጋ ዶንግሉን ወደ መስኮት ማውጣት ካስፈለገ አጭርና ወፍራም ገመድ ምረጡ።

ሲሙና ኔትወርኩ

ከዚህ በኋላ ሥራው «ሞደምማኔጀር» የተባለው አገልግሎት ነው። «ኤምኤምሲኤልአይ -ኤል» በትልቁ ኤል ስትጽፉ ያገኛቸውን ሞደሞች ይዘረዝራል፤ መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር፣ ብዙ ጊዜ 0፣ የሞደሙ ተራ ቁጥር ነው። ልብ በሉ፤ ዶንግሉ ተነቅሎ ሲሰካ ወይም ላፕቶፑ ተኝቶ ሲነሳ ቁጥሩ ወደ 1፣ 2 ይጨምራል። ትናንት የሠራ ትእዛዝ ዛሬ «ሞደም የለም» የሚለው በዚህ ነው። «ኤምኤምሲኤልአይ -ኤም 0» ደግሞ ሙሉውን ሁኔታ ያሳያል። ከሁሉ በላይ ማየት ያለባችሁ «ስቴት» የሚለውን መስመር ነው፤ «ሎክድ» ካለ ሲሙ ፒን ይፈልጋል፣ «ሰርችንግ» ካለ ኔትወርክ እየፈለገ ነው፣ «ሬጂስተርድ» ካለ ተመዝግቧል፣ «ኮኔክትድ» ካለ የዳታ መስመሩም ተከፍቷል።

ፒን የተደረገበት ሲም ላይ ግምት አትሞክሩ። ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ የፐክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ፐኩን አሥር ጊዜ የተሳሳተ ሲሙን ያጣል። ፒኑን የምታውቁት ከሆነ «ኤምኤምሲኤልአይ -አይ 0 --ፒን=» ብላችሁ ቁጥሩን አስከትሉ። ከዚህ የሚሻለው ሲሙን ስልክ ውስጥ አስገብቶ የፒን ጥያቄውን ማጥፋት ነው፤ ምክንያቱም አንዳንድ ጊዜ የዴስክቶፑ የፒን መጠየቂያ መስኮት ሳይወጣ ይቀርና ሰው ዶንግሉ የተበላሸ ይመስለዋል።

ጠለቅ ብሎ ማየት ለፈለገ የኤቲ ትእዛዞች፣ ማለትም ለሞደሙ በቀጥታ የሚጻፉ ትእዛዞች፣ አሉ። ለዚህ መጀመሪያ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ሞደምማኔጀር» ብሎ አገልግሎቱን ማቆም ያስፈልጋል፤ በእንግሊዝኛው ስም ውስጥ የሁለቱ ቃላት መነሻ ፊደላት ትልልቅ ናቸው። ይህ ካልተደረገ ፖርቱ በሌላ ተይዟል ይላል፣ ወይም መልሱ ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ብቻ ይደርሳችኋል። ከዚያ «ሚኒኮም -ዲ /ዴቭ/ቲቲዋይዩኤስቢ2» በትልቁ ዲ ይከፈታል፤ ትእዛዝ የሚቀበለው ፖርት 2 ካልሆነ 1ን፣ ከዚያም 0ን ሞክሩ። ፈቃድ የለህም ካለ ስማችሁ «ዳያልአውት» የሚባለው ቡድን ውስጥ የለም፤ «ሱዶ አድዩዘር» ብላችሁ ስማችሁንና የቡድኑን ስም አስከትሉ፣ ከዚያ ወጥታችሁ ግቡ።

«ኤቲ» ብላችሁ ኢንተር ስትሉ «ኦኬ» ካለ ሞደሙ እየሰማችሁ ነው። «ኤቲ+ሲፒን?» የሲሙን ሁኔታ ይናገራል፤ «ሬዲ» መሆን አለበት። «ኤቲ+ሲኤስኪው» የሲግናሉን ጉልበት ከ0 እስከ 31 ባለው ቁጥር ይሰጣል፤ 99 ካለ አላውቅም ማለቱ ነው። ቁጥሩን በሁለት አባዝታችሁ ከ113 ብትቀንሱ ዲቢኤሙን (የሲግናል መለኪያውን)፣ ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ጋር፣ ታገኛላችሁ፤ 15 ማለት -83፣ 10 ማለት -93፣ 5 ማለት -103 ነው። ከ10 በላይ ከሆነ ችግሩ ሲግናል አይደለም፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ። ከ5 በታች ከሆነ ደግሞ ሌላ ምንም ብታስተካክሉ ዳታው መቆራረጡ አይቀርም፤ መጀመሪያ የዶንግሉን ቦታ ቀይሩ።

«ኤቲ+ሲሬግ?» ምዝገባውን ያሳያል። 0,1 በራሱ ኔትወርክ ተመዝግቧል፤ 0,5 በእንግድነት፤ 0,2 እየፈለገ ነው፤ 0,3 ኔትወርኩ ከልክሎታል። ይህ ሁሉ ግን የድምፅ ምዝገባ ነው። ለዳታ «ኤቲ+ሲጂሬግ?» አለ፣ ለ4ጂ ደግሞ «ኤቲ+ሲኢሬግ?»። ሲሬግ 0,1 ብሎ ሲጂሬግ 0,2 ላይ ከቀረ ሲሙ ኔትወርክ አለው፣ የዳታ አገልግሎት ግን አላገኘም። ሲሙን ስልክ ውስጥ አስገብታችሁ ዳታ እንደሚሠራ ማየት ያኔ ነው የሚጠቅመው። በኢትዮጵያ የኔትወርኩ መለያ 63601 ከሆነ ኢትዮ ቴሌኮም፣ 63602 ከሆነ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነው፤ ከስም ይልቅ ቁጥር የሚያሳዩ ዶንግሎች ስላሉ ማወቁ ይጠቅማል።

ኤፒኤኑና መስመሩ

የኔትወርክ ምልክቱን ጠቅታችሁ የሞባይል ብሮድባንድ ስትጨምሩ አገርና ድርጅት ምረጡ የሚል ዝርዝር ይመጣል። ዝርዝሩ የሚመጣው ከስርዓቱ ጋር ከተጫነ ፋይል ነው፤ ያረጀ ስሪት ላይ አዲስ ድርጅት ላይኖር ወይም የቆየ ኤፒኤን ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ዝርዝሩ ላይ የለም የሚለውን መርጦ ኤፒኤኑን ራስ መጻፍ ይሻላል። ለኢትዮ ቴሌኮም ኢቲሲ ነጥብ ኮም ነው፤ በላቲን ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ። የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ባዶ ይቀራሉ። ለሌላ ሲም ትክክለኛውን ኤፒኤን የምታገኙት ሲሙ በሚሠራበት ስልክ የሞባይል ኔትወርክ ማስተካከያ ውስጥ ነው። እንዳለ ቅዱት።

በተርሚናል ከሆነ «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን አድ ታይፕ ጂኤስኤም ኢፍኔም '*' ኮን-ኔም ዶንግል ኤፒኤን» ብላችሁ ኤፒኤኑን አስከትሉ። ኮከቡ በነጠላ ጥቅስ ውስጥ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ሼሉ (ትእዛዙን የሚያነበው ፕሮግራም) ባላችሁበት ፎልደር ያሉ የፋይል ስሞችን ይተካበትና ትእዛዙ ትርጉም ያጣል። ከዚያ «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን አፕ ዶንግል»። በድሮ መመሪያዎች የምታገኙት የ*99# ቁጥር በዚህ መንገድ መጻፍ አያስፈልገውም።

ዴስክቶፕ የሌለበት አሮጌ ማሽን ላይ አሁንም «ደብልዩቪዳያል» የተባለውን መደወያ ፕሮግራም የሚጠቀም ብዙ ነው፤ ቀላልና የሚታይ ስለሆነ አልቃወመውም። ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ መኖር ያለባቸው የሞደሙ ፖርት፣ የስልክ ቁጥሩ *99#፣ ኤፒኤኑን የሚያስገባው «ኤቲ+ሲጂዲኮንት=1,"አይፒ"» ብሎ ኤፒኤኑን በጥቅስ ውስጥ የሚያስከትለው መስመር፣ እና «ስቱፒድ ሞድ = የስ» ናቸው። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ይዘላታል። እሷ ከሌለች ፕሮግራሙ ከተገናኘ በኋላ እንደ ድሮው የስልክ መስመር የመግቢያ ጥያቄ ሲጠብቅ ይቆያል፤ ኔትወርኩ ግን ምንም አይጠይቅም፣ ግንኙነቱም ይቋረጣል። የተጠቃሚ ስሙና የይለፍ ቃሉ እዚህ ባዶ መሆን ስለማይችሉ ማንኛውንም ቃል አስገቡ። ሞደምማኔጀር ግን መቆም አለበት፤ ሁለቱ አንድ ፖርት ላይ አይስማሙም።

ከደወለ በኋላ «ኖ ካሪየር» ካለ ኔትወርኩ መስመሩን አልከፈተም። ኤፒኤኑ ላይ አንድ ፊደል ተሳስታለች፣ ሒሳብ አልቋል፣ ወይም ሲሙ ላይ ዳታ አልተከፈተም። ሒሳቡን ሲሙን ሳታወጡ ማየት ትችላላችሁ፤ ሞደምማኔጀሩን መልሳችሁ አስነሡና «ኤምኤምሲኤልአይ -ኤም 0 --3ጂፒፒ-ዩኤስኤስዲ-ኢኒሺየት="*804#"» በሉ፤ *804# የኢትዮ ቴሌኮም የሒሳብ መጠየቂያ ነው።

ተገናኝቷል ይላል፣ ገጽ ግን አይከፍትም

መጀመሪያ «ፒንግ 8.8.8.8» በሉ። መልስ ከመጣ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ የታመመው የስም መፈለጊያው ነው። የቆዩ የሁዋዌ ዶንግሎች በድወላ ሲገናኙ የታወቀ ጉድለት አላቸው፤ ኔትወርኩ የዲኤንኤስ (የስም መፈለጊያውን) አድራሻ ለመስጠት ከዘገየ ዶንግሉ 10.11.12.13 እና 10.11.12.14 የሚሉ የውሸት አድራሻዎችን ይሰጣል። በድወላው መዝገብ ላይ እነዚህን ካያችሁ አቋርጣችሁ እንደገና ደውሉ። ከተደጋገመ የ8.8.8.8 ወይም የ1.1.1.1 አድራሻን በግንኙነቱ ማስተካከያ ውስጥ በእጅ አስገቡ። በዚያው መዝገብ ላይ የወዲያኛውን አድራሻ ስላላወቅሁ 10.64.64.64 ብያለሁ የሚል መስመር ደግሞ ይመጣል፤ ያ የተለመደ ነው፣ ጉዳት የለውም፣ አትጨነቁበት።

ፒንጉም መልስ ከሌለው «አይፒ ራውት» ብላችሁ «ዲፎልት» የሚለውን መስመር ተመልከቱ። ኔትወርክማኔጀር (ግንኙነቶቹን የሚያስተዳድረው አገልግሎት) ለኬብል 100፣ ለዋይፋይ 600፣ ለሞባይል ዳታ 700 የሚል ደረጃ ይሰጣል፤ ትንሹ ቁጥር ይቀድማል። ስለዚህ ኢንተርኔት የሌለው የቢሮ ኬብል ወይም ዋይፋይ ከተገናኘ ዶንግሉ ተገናኝቶም ትራፊኩ በሞተው መንገድ ሊሄድ ይችላል። ኬብሉን ንቀሉ፤ ወይም «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ ዶንግል አይፒቪ4.ራውት-ሜትሪክ 50» በሉና ግንኙነቱን አቋርጣችሁ መልሱ።

ጥቂት ደቂቃ ሠርቶ ዝም ሲል የሚጠረጠረው የኃይል ቆጣቢው ነው። ቲኤልፒ የተባለውን ኃይል ቆጣቢ ፕሮግራም የጫናችሁ ከሆነ ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ «ዩኤስቢ_ኤክስክሉድ_ደብልዩዋን=1» ብላችሁ፣ ሁሉንም በትልልቅ ፊደል፣ ጻፉ። ካልተነካ ዋጋው 0 ነው፤ ማለትም ሞደምንም ያስተኛል። ሌላውን ኃይል ቆጣቢ፣ ፓወርቶፕን፣ በራስ ማስተካከያው የሚያስኬድ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል። ቦታው 3ጂና 2ጂ የሚፈራረቁበት ከሆነና ግንኙነቱ በየመካከሉ ከተቋረጠ ደግሞ «ኤምኤምሲኤልአይ -ኤም 0 --ሴት-አላውድ-ሞድስ=3ጂ» ብሎ 3ጂ ላይ ማሰር ይረዳል፤ 3ጂ ወደሌለበት ስትሄዱ መፍታቱን አትርሱ።

ሃይሊንክ የተባሉት

እንደ ኢ3372ኤች ያሉት አዳዲሶቹ የ4ጂ ዶንግሎች ሌላ ዓይነት ናቸው። ለኮምፒዩተሩ ሞደም ሆነው አይታዩም፤ በውስጣቸው ትንሽ ራውተር አለ፣ ሊኑክስም እንደ ኔትወርክ ካርድ ያያቸዋል። ከተቀየሩ በኋላ ቁጥራቸው 12ዲ1:14ዲሲ ነው። ሞደምማኔጀር ምንም አላገኘሁም ሲል የደነገጠ ሰው ይህን ይወቅ፤ ትክክል ነው፣ ሊያገኘው አይገባም። ኤፒኤኑም ፒኑም የሚገባው በብራውዘር 192.168.8.1 ላይ ነው። ከላይ ስለ ድወላ የተባለው ሁሉ እዚህ ላይ አይሠራም።

የራሳቸው ወጥመድም አላቸው። ብዙ የሁዋዌ የቤት ራውተሮችም 192.168.8.1 ይጠቀማሉ። በዋይፋይ ከዚያ ራውተር፣ በዩኤስቢ ከዶንግሉ ጋር ከተገናኛችሁ ሁለቱ አንድ አድራሻ ላይ ይጋጫሉ፤ አንዱን ከማስተካከያ ገጹ ወደ ሌላ፣ ለምሳሌ ወደ 192.168.9.1፣ ቀይሩት። ሁለት ኢ3372ኤች በአንድ ኮምፒዩተር መጠቀም የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሁለቱም 0ሲ:5ቢ:8ኤፍ:27:9ኤ:64 የሚል አንድ ዓይነት የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርድ መለያ) ይዘው ሊያገኛቸው ይችላል፤ ሊኑክስ ስሙን የሚያወጣው ከማኩ ስለሆነ ሁለተኛው ስም ያጣል። በተሰኩበት ቀዳዳ የሚለይ የዩዴቭ ሕግ መጻፍ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን የዳታ ፍጆታው ነገር አለ። ኔትወርክማኔጀር በሞባይል ዓይነት የተመዘገበን ግንኙነት የሚቆጠር ዳታ እንደሆነ ራሱ ይገምታል፤ የኡቡንቱ አውቶማቲክ ዝመናም ይህን አይቶ ይታቀባል። ሃይሊንክ ግን ኬብል መስሎ ስለሚታይ ገደብ የለሽ ይመስለዋል፤ ጠዋት የተገዛ የ1 ጊጋባይት ጥቅል ማንም ሳይነካው በዝመና ያልቃል። ይህ ብዙ ሰው ሳያውቅ ገንዘቡን የሚያጣበት ቦታ ስለሆነ ዶንግሉ እንደተሰካ አድርጉት፤ «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ» ብላችሁ የግንኙነቱን ስም፣ ከዚያ «ኮኔክሽን.ሜተርድ የስ»። ለስናፕ (ራሱን ለሚያዘምነው የኡቡንቱ የፕሮግራም ጥቅል ዓይነት) ለብቻው «ሱዶ ስናፕ ሴት ሲስተም ሪፍሬሽ.ሜተርድ=ሆልድ» ያስፈልጋል። ፋየርፎክስ ራሱ በኡቡንቱ ላይ ስናፕ ነው፤ አንዷ ዝመና ብቻዋን መቶ ሜጋባይት ልታልፍ ትችላለች።

ከውጭ የመጣ ዶንግል

ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው ዶንግል ሁሉም ነገር ተስተካክሎ ኔትወርክ ካላገኘ ሊኑክስን ተዉትና ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሞዴል አንብቡ። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ የተሠሩ ብዙ የ3ጂ መሳሪያዎች 850 እና 1900 ሜጋኸርዝ ላይ ናቸው፤ በአፍሪካና በአውሮፓ የተለመዱት 900 እና 2100 ናቸው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሞዴሎችም ይለያያሉ፤ ኢ3372ኤች-153 ለእኛ አካባቢ ባንዶች የሚሆን ነው፣ ኢ3372ኤች-510 ለደቡብና ለመካከለኛው አሜሪካ የተሠራ ነው። ይህን የሚያስተካክል ትእዛዝ የለም።

ባንዱ ትክክል ሆኖ ሲሙን የሚገፋ ከሆነ በአንድ ድርጅት ተቆልፎ ሊሆን ይችላል። ሁዋዌ ላይ «ኤቲ^ካርድሎክ?» ስትሉ መልሱ በ1 ከጀመረ ተቆልፏል፣ በ2 ከጀመረ ክፍት ነው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር የቀራችሁ ሙከራ ነው፤ ሲጀመር 10 ነው፣ ካለቀ መክፈቻው ለዘለቄታው ይዘጋል። ኢንተርኔት ላይ የሚገኙ የኮድ ማስያዎችን እየቀያየሩ መሞከር ብዙ ዶንግል ገድሏል። ኮዱን የሸጠው ድርጅት እንዲሰጣችሁ በአይኤምኢአይ ቁጥሩ ጠይቁ።

እርዳታ ስትጠይቁ ደግሞ የ«ኤልኤስዩኤስቢ»፣ ዶንግሉ ሲሰካ የወጣው የ«ዲኤምኢኤስጂ» እና የ«ኤምኤምሲኤልአይ -ኤም 0» ውጤቶች ሦስቱ አብረው ይላኩ፤ የት ላይ እንደቆመ ከእነሱ በአንድ ዓይን ይታያል። በሦስተኛው ውስጥ ያለውን የአይኤምኢአይ ቁጥርና የስልክ ቁጥራችሁን ግን ከመላካችሁ በፊት አጥፏቸው።